ስም ወይስ ጉልበት? ስለ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ አመራረጥ

ሰው ገንዘቡን ከኪሱ ሲያወጣ ዐይኑንና ልቡናውንም አብሮ ማውጣት አለበት። ይህን ለቀይ አፈር ሰው ማስተማር አያሻም። ሐሙስ ሐሙስ በሚቆመው ገበያችን ከበና፣ ከፀማይ፣ ከአሪና ከሐመር የመጣው ሰው ሲገበያይ የሚያይ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ከብት ገዢ በሬውን ስሙ ማን ነው ብሎ አይገዛም፤ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስነድቶ እግሩን ይመረምራል፤ ልቡ ሳይረካም እጁን ወደ ገንዘቡ አይሰድም።

ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት በቤተ ዘመዶቼ መካከል የደረሰ ነገር ነው። አጎቴ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ በመግባቱ ደስ ብሏቸው ሁለት ሰንጋ ሸጡና ላፕቶፕ እንዲገዛ ገንዘቡን ሰጡት። ገዢዎቹ ሰንጋዎቹን ሲመረምሩ እኩሌታውን ቀን አሳለፉ። የአጎቴ ልጅ ግን በዚያው ገንዘብ ላፕቶፑን ሲገዛ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። በላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን የግራፊክስ ካርድ ቁጥር አየና ከጓደኛው ካርድ ቁጥር በአንድ ደረጃ የሚበልጥ መሆኑን ሲያውቅ ደስ ብሎት ከፍሎ ወጣ። ቤት ገብተው ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀምጠው አንድ ዐይነት ጨዋታ ሲከፍቱ ግን ትንሽ ቁጥር የያዘው የጓደኛው ላፕቶፕ እንደ ውሃ ሲፈስ የርሱ ይንተባተብ ጀመር። ኋላ ቢመረምሩት የጓደኛው ካርድ እስከ 100 ዋት ኀይል የሚወስድ ሲሆን የርሱ ግን በ45 ዋት የታሰረ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ አልዋሸም፤ የተለጠፈውም ቁጥር እውነት ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር የገዢው ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲገባን ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልግለጽ። ብዙ ጊዜ የምናየው የላፕቶፕ ገጽ በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። አንድ ጨዋታ ሳይንተባተብ እንዲታይ እነዚህ ነጥቦች በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ቢያንስ 60 ጊዜ እንደ ገና መሣል አለባቸው። ይህ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። ዋናው የኮምፒዩተሩ አእምሮ እንደ አንድ ሊቅ ሰው ነው፤ ከባዱን ነገር በየተራ ይፈታል እንጂ ይህን ሁሉ ነጥብ አይደርስበትም። ግራፊክስ ካርዱ ግን ደቦ ነው። በሺሕ የሚቈጠሩ ትንንሽ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይሠራሉ።

የደቦን ነገር ደግሞ እናውቀዋለን። ብዙ ሰው ጠርቶ እህልና መጠጥ ያላሰናዳ ባለ እርሻ ማሳው ሳይታረስ ይመሻል። ጥቂት ሰው ጠርቶ አጥግቦ ያበላ ግን ሥራውን ይጨርሳል። ለካርዱ ምግቡ ዋት ነው። የላፕቶፕ ፋብሪካዎች አንዱን ካርድ በስስ ላፕቶፕ ውስጥ ሲከቱት ሙቀቱ እንዳይበዛ ምግቡን ይቀንሱበታል፤ በወፍራሙ ውስጥ ሲከቱት ደግሞ እስኪጠግብ ይሰጡታል። በሁለቱም ላይ የሚለጠፈው ስም ግን አንድ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የላፕቶፕ ካርድ ስም ግን ከሱቁ በር አልፎ ቤት ድረስ እንኳ አይዘልቅም።

አሁን በጨዋታ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኙትን የኤንቪዲያ ኩባንያ ካርዶች እናነጻጽር። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጡት የአር ቲ ኤክስ 50 ተከታታይ የላፕቶፕ ካርዶች ስድስት ናቸው። ከታች ስንጀምር 5050 የተባለው 2560 ሠራተኞች፣ 5060 ደግሞ 3328፣ 5070 ደግሞ 4608 ሠራተኞች አሉት። የሦስቱም የራሳቸው ሜሞሪ ግን እኩል 8 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በላይ 5070 ቲ አይ 5888 ሠራተኞችና 12 ጊጋባይት፣ 5080 ደግሞ 7680 ሠራተኞችና 16 ጊጋባይት፣ የሁሉ የበላይ የሆነው 5090 ደግሞ 10,496 ሠራተኞችና 24 ጊጋባይት አሉት።

በዚህ ቈጠራ ውስጥ ሦስት የተሰወሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በላፕቶፕ ላይ 5090 የተባለው በትልቁ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ 5090 ከተባለው ጋር በስም እንጂ በጉልበት አንድ አይደለም። የጠረጴዛው 21,760 ሠራተኞችና 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖሩት እስከ 575 ዋት ይወስዳል፤ የላፕቶፑ ሠራተኞች ከዚህ እኩሌታ እንኳ አይሞሉም። ሁለተኛው፣ ከርሱ በፊት በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የላፕቶፕ 4070 ልክ እንደ አዲሱ 5070 4608 ሠራተኞችና 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው። የሜሞሪው ፍጥነት ተሻሽሏል፤ ነገር ግን አዲስ ቁጥር ሁልጊዜ አዲስ ጉልበት ማለት አይደለም። ሦስተኛውና ዋናው፣ የላፕቶፑ 5060 ከ45 እስከ 100 ዋት ድረስ ፋብሪካው በወደደው መጠን ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ 5060 ገዛሁ የሚል ሰው ምን እንደ ገዛ ገና አልተናገረም ማለት ነው።

ሜሞሪውስ? ይህ የደቦው ጎተራ ነው። ጨዋታው የሚፈልገው ሥዕል ሁሉ የሚቀመጠው በዚያ ነው። ጎተራው ሲሞላ ሠራተኞቹ የቱን ያህል ብርቱ ቢሆኑ ዕቃ ከሩቅ እስኪመጣላቸው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጨዋታውም በድንገት ቀጥ ይላል። ላፕቶፕ ከተገዛ በኋላ የካርዱን ሜሞሪ መጨመር ስለማይቻል የዛሬው ጉድለት እስከ መጨረሻው ጉድለት ሆኖ ይኖራል።

ስለ ማስታወቂያም አንድ ቃል ልናገር። ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. እኛ የገና ዋዜማ ላይ ሳለን የኤንቪዲያ ሥራ አስኪያጅ ጄንሰን ሁዋንግ በላስ ቬጋስ ከተማ መድረክ ላይ ወጥተው አዲሱ 5070 የቀድሞውን ታላቅ ካርድ የ4090ን ያህል እንደሚሠራ ተናግረው ነበር። ይህ አነጋገር የቆመው ካርዱ ራሱ በሣለው አንድ ምስል ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እስከ ሦስት የሚደርሱ ተጨማሪ ምስሎች እንዲሰካ በሚያደርግ ዘዴ ላይ ነው። ዘዴው መልካም ነው፤ ዐይን ደስ ይለዋል። ነገር ግን ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ጨዋታው የሚሰማው በእውነት በተሣሉት ምስሎች ልክ እንጂ በተሰኩት ልክ አይደለም። ወተት በውሃ ቢበዛ ጽዋው ይሞላል እንጂ ቅቤው አይጨምርም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሀገራችን ሁኔታ እንመለስ፤ በውጭ ሀገር የሚጻፈው ንጽጽር ሁሉ የማያውቃቸው ሁለት ጠላቶች እኛ ጋ አሉና። አንደኛው የመብራት መጥፋት ነው። ላፕቶፕ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲጓዝ ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት ስለማይበልጥ 150 ዋት የሚበላ ካርድ ብቻውን ይህን ባትሪ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ስለዚህም ላፕቶፑ ከቻርጀር ሲነቀል የካርዱን ምግብ ይቀንስበታል። መብራት በጠፋበት ማታ ታላቁ ካርድ ከታናሹ ጋር ይቀራረባል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሁለተኛው ጠላት የከተማችን ስም ራሱ የነገረን ነው፤ ቀይ አፈር። በበጋ የሚነሣው ቀይ አቧራ የላፕቶፑን ማራገቢያ ቀስ በቀስ ይደፍነዋል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ካርዱ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወደ ወይጦ ቆላ ወረድ ሲሉ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። በጣም ስስ የሆነ ላፕቶፕ ለከተማ ቢሮ ያምራል፤ ለእኛ ግን ወፈር ያለ፣ የአየር መውጫው ሰፊ የሆነና ለጽዳት የሚከፈት ይሻላል ባይ ነኝ። ትራስና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወትም ማራገቢያውን በእጅ እንደ መድፈን ይቈጠራል።

ዋጋውንም እንይ። ኩባንያው መጀመሪያ ባስታወቀው መሠረት ባለ 5060 ላፕቶፖች ከ1099 ዶላር፣ ባለ 5070 ከ1299፣ ባለ 5070 ቲ አይ ከ1599፣ ባለ 5090 ደግሞ ከ2899 ዶላር ይጀምሩ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። በመቶ ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ በ5060 እና በ5090 መካከል ያለው ልዩነት 180,000 ብር ይሆናል፤ የማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። ይህ ልዩነት የአንድ ቤተ ሰብ በረት ነው።

እኔ በበኩሌ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ለትምህርትም ለጨዋታም አንድ ላፕቶፕ ለሚገዛ ተማሪ 100 ዋት ሙሉ የሚሰጠው 5060 ይበቃዋል። በርሱና በ5070 መካከል ያለውን 200 ዶላር ግን እኔ ብሆን አልከፍልም፤ ጎተራቸው እኩል ነውና። ዐቅሙ ያለው ሰው 5070ን አልፎ 12 ጊጋባይት ወዳለው 5070 ቲ አይ ይሂድ። ገንዘቡ ያጠረበትም በምግብ የጠገበ 5050 ቢገዛ በ45 ዋት ከታሰረ 5060 የተሻለ ገዝቷልና አይፈር። ምንም መግዛት የማይችለውም ቢሆን አይዘን፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ጨዋታ የሠራው በእጃችን ላለው ስልክ ነው። ጥሩ ጨዋታ ሁሉ ታላቅ ካርድ አይፈልግም።

አንዳንድ ሰዎች፣ ከነርሱም አንዳንድ መምህሮቻችን፣ የጨዋታ ነገር በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ምን ይሠራል ይሉ ይሆናል። አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ መልስ አለኝ። ጨዋታ ጥናትን ሲሻማ ጎጂ መሆኑን አልክድም፤ ፈተና ደርሶ ሌሊቱን በጨዋታ የሚያነጋ ተማሪ ካርዱ ምንም ቢሆን ከስሯል። ነገር ግን በ2012 እ.ኤ.አ. በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ክሪዠቭስኪና ባልደረቦቹ ኮምፒዩተር ሥዕል አይቶ እንዲለይ ያስተማሩት ጂ ቲ ኤክስ 580 በተባሉ ሁለት የጨዋታ ካርዶች ነበር። የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታላቅ እርምጃ የተራመደው በዚያ ሥራ ነው። የቤት ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠራ ባለሙያም ዛሬ የሚጠቀሙት በዚሁ ዐይነት ካርድ ነው። ስለዚህ የጨዋታውን ካርድ ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ የሥራውንም መሣሪያ ለይቶ ያውቃል።

እንግዲህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በቅርቡ ወደ ጂንካም ሆነ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንሄዳለን፤ ወላጆቻችንም ሰንጋቸውን፣ ፍየላቸውን፣ ማራቸውን ሸጠው ላፕቶፕ ይገዙልናል። ሱቅ ስትገቡ ስሙን ሰምታችሁ አትቸኩሉ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ካርዱ ስንት ዋት ይወስዳል፣ የራሱ ሜሞሪ ስንት ጊጋባይት ነው፣ ማራገቢያውና የአየር መውጫው እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ ላፕቶፑን አስከፍቱና በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ተመልከቱ፤ ካርዱ የሚወስደው ከፍተኛ ዋት በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

አጎቴ ስለ ካርዱ ነገር በሰሙ ጊዜ ልጃቸውን አልተቈጡም። «ልጄ፣ ሰንጋዬን የገዛው ሰው ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አልሰጠኝም፤ አንተስ ጥርሱን አየህ ወይ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። የአጎቴ ልጅ መልስ አልነበረውም። እኛ ግን ተራችን ሲደርስ መልስ እንዲኖረን ያስፈልጋል። ቸር ይግጠመን።