የልጆቻችን የሳይንስ ትምህርትና የወላጆች ድርሻ



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቤት፣ ስለ ኩፓት ሆሊምና ስለ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ልጆቻችሁ የሳይንስ ትምህርት እንነጋገራለን። ለዚህ ያነሳሱን እዚህ አሽቀሎን ቢሯችን ድረስ የመጡ አንዲት እናት ናቸው።

ልጃቸው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የተሰጠው የቤት ሥራ «በቤትህ ካለው አንድ ማዓሬኸት ምረጥ፤ ምን እንደሚገባበት፣ ምን እንደሚወጣበትና ምን እንደሚለወጥ ጻፍ» የሚል ነበር። ልጁ ወረቀቱን ባዶውን መለሰ። ሲጠየቅም «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ እናቴም አልተማረችም» አለ። እናትየው ይህን ሲነግሩን እንባ ተናነቃቸው። እኛ ግን ቤታቸው በሄድን ጊዜ ከወጥ ቤቱ ጥግ ክዳን የተደረገበት ቡሃቃ አየን፤ ሊጡ ኩፍ ብሏል። ልጁ የለም ያለው ነገር እዚያው ነበር።

ማዓሬኸት ማለት ሥርዓት ማለት ነው፤ ይኸውም እርስ በርሳቸው ተያይዘው አንድ ሥራ የሚሠሩ ነገሮች ስብስብ ነው። መምህራን ልጆችን የሚያስተምሩት ስለ ማናቸውም ሥርዓት አራት ጥያቄ እንዲጠይቁ ነው። ምን ገባ? ምን ወጣ? ምን ተለወጠ? ለውጡ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እነዚህን ጥያቄዎች በእጃችሁ ካለው ሥራ ጋር እናያይዛቸው።

በመጀመሪያ ቡሃቃውን እንመልከት። የሚገባው ዱቄት፣ ውሃና እርሾ ነው። በእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። እነርሱም የዱቄቱን ስኳር እየበሉ አየር ያወጣሉ፣ ሊጡንም ያኮመጥጣሉ። ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚህ አየር ምክንያት ነው። በምጣድ ላይ እንጀራው ዓይን የሚያወጣውም አየሩ በሙቀት ተገፍቶ ሲወጣ ነው። ይህ ለውጥ አይመለስም፤ እንጀራ ተመልሶ ዱቄት አይሆንም። በረዶ ግን ቀልጦ ውሃ ይሆናል፣ ውሃውም ተመልሶ በረዶ ይሆናል። በብርድ ጊዜ ሊጥ እንደሚዘገይ፣ በአሽቀሎን የበጋ ሙቀት ግን ቶሎ እንደሚኮመጥጥ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። በት/ቤት «ሙቀት የለውጡን ፍጥነት ይጨምራል» ብለው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ድስቱ ነው። ጎንደር ከባሕር በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ ውሃው በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አሽቀሎን ግን በባሕር ዳር ያለች ከተማ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ውሃው እስኪፈላ ድረስ የበለጠ ይሞቃልና ባቄላውም ምስሩም እዚህ ቶሎ ይበስላል። በሁለቱም አገር ወጥ የሠራች እናት ይህንን ልዩነት በእጇ ታውቀዋለች። ልጇ ደግሞ ምክንያቱን ያውቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ሦስተኛው በጣሪያችሁ ላይ ያለው ዱድ ሼሜሽ ነው። በእስራኤል ከ1980 ወዲህ በወጣው ደንብ መሠረት በአብዛኞቹ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ ይተከላል። በመስተዋት የተሸፈነው ጥቁር ሰሌዳ የፀሐይን ሙቀት ይወስዳል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ ስለሚቀልል ወደ ላይኛው በርሜል ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። በርሜሉ ከሰሌዳው በላይ በተቀመጠበት ቤት ይህ ሁሉ ያለ ሞተር ይሆናል።

ከከተማችን ውጭ የሚመጡ ሰዎች የሚጎበኙት ትልቅ ሥርዓትም አለን። በ2005 በአሽቀሎን ሥራ የጀመረው የባሕር ውሃ ማጣሪያ በጊዜው ከዓይነቱ በዓለም ትልቁ ነበር። የባሕሩን ውሃ በከፍተኛ ኃይል እየገፋ ውሃን በሚያሳልፍና ጨውን በሚያስቀር ስስ ነገር ውስጥ ያሳልፈዋል። የሚገባው የባሕር ውሃና ጉልበት ነው፤ የሚወጣው የሚጠጣ ውሃና ጨው የበዛበት ውሃ ነው። ከወንዝ በእንስራ ውሃ ለቀዳ ሰው ይህን ለልጁ መንገር ከባድ አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች ምን ታድርጉ?

አንደኛ፣ ከልጃችሁ ጋር አንድ ሙከራ ሥሩ። ከአንድ ቡሃቃ ሊጥ ሁለት ብርጭቆ ቅዱ፤ አንዱን በማቀዝቀዣ፣ ሌላውን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። በማግስቱ የትኛው ኩፍ እንዳለ ልጁ በዕብራይስጥ ይጻፍ። ከሙቀቱ በስተቀር ሌላ ነገር አትለውጡ፤ ሁለት ነገር ከተለወጠ የትኛው ምክንያት እንደ ሆነ አይታወቅም። እሳት ባለበት ሥራ ግን ልጁን ብቻውን አትተዉት።

ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፣ ሞራህን ጠይቅ» ብቻ ብላችሁ አታሰናብቱት። «እኛ አገር እንዲህ እናደርግ ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አንተ አንብበህ ንገረኝ» በሉት። አርሶ የኖረ አባት ስለ አፈር፣ ስለ ዝናብና ስለ ውርጭ የሚነግረው ብዙ ነገር አለው።

ሦስተኛ፣ ወደ አሴፋት ሆሪም ሂዱ። ቋንቋ ቢያስቸግራችሁ ሜጋሼር እንዲገኝላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ በሒሳብ በየትኛው ሀካባጻ እንደ ተመደበና ከፍ ለማለት ምን እንደሚጎድለው አጣሩ። በባግሩት ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ያሒዶት ይፈተናል። ፊዚክስ መማር የሚፈልግ ልጅ ጠንካራ ሒሳብ ያስፈልገዋል። ቡሃቃው የሒሳብና የዕብራይስጥን ጥናት አይተካም። ልጁ «ይህ ትምህርት ለእኔ አይደለም» ብሎ ገና በልጅነቱ እንዳይሸሽ ግን ይረዳዋል።

ያ ልጅና እናቱ የቤት ሥራውን እንደገና አብረው ሠሩ። እናቱ ተናገሩ፣ እርሱ ጻፈ። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፦ «እማዬ፣ እርሾው ከሌለ ሊጡ ብቻውን ይቦካል?» እርሳቸውም «ይቦካል፤ ግን ብዙ ቀን ይፈጃል» አሉት። እኛም ሰምተን ተደሰትን፤ ልጁ እናቱን ጠይቆ መልስ አግኝቷልና።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።