ትልቁ ጥይትና የመቶ ሜትር ትርፉ

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አደን መሣሪያ ማንበብ የምትወድ እንደሆነ «ማግነም» የሚለውን ቃል ሳታገኘው አትቀርም፡፡ ቃሉ የላቲን ነው፤ ፍችውም ትልቅ ማለት ነው፡፡ ከተራው ጠርሙስ እጥፍ የሚይዝ የወይን ጠጅ ጠርሙስ በዚህ ስም ይጠራል፡፡ ጥይት ሠሪዎችም ብዙ ባሩድ ለሚይዝ ጥይት ስሙን ተዋሱት፡፡ የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ባለ .375ቱን ማግነም በ1912፤ ሬሚንግተን ባለ 7 ሚሊ ሜትሩን በ1962፤ ዊንቸስተር ባለ .300ውን በ1963 አወጡ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡ ታዲያ ትልቅ አውሬ ከሩቅ ለሚያድን ሰው ከእነዚህ የትኛው ይሻለዋል? የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው፡፡

ለማመዛዘን እንዲመቸን ተራውን ጥይት መለኪያ እናድርግ፡፡ .30-06 የሚባለው ጥይት በ1906 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ነው፤ የእኛም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ዘመቻ በያዙት ኤም-1 ጠመንጃ የተኮሱት ይህንኑ ነበር፡፡ 11.7 ግራም የሚመዝን አረር ከዚህ ጥይት ሲወጣ በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ይበርራል፡፡ ይኸው አረር ከ.300 ዊንቸስተር ማግነም ሲወጣ 900 ሜትር ያህል ይበርራል፡፡ ነገር ግን አየሩ ያዘገየዋልና፤ የማግነሙ አረር መቶ ሜትር ከሄደ በኋላ ፍጥነቱ ተራው ከአፈ ሙዝ ሲወጣ ከነበረው ጋር እኩል ይሆናል፡፡ እንግዲህ ልብ በል፤ ያ ሁሉ ባሩድና ያ ሁሉ ገንዘብ የገዛልህ መቶ ሜትር ያህል ነው፡፡ ተራው በ200 ሜትር የሚሠራውን ማግነሙ በ300 ሜትር ይሠራዋል፡፡ ትርፉ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ ከዚያ ግን አይበልጥም፡፡

ለትርፉም የሚከፈል ዋጋ አለ፡፡ ክብደታቸው እኩል በሆነ ሁለት ጠመንጃ ቢተኮስ፤ የማግነሙ ሰደፍ ትከሻን የሚመታበት ኃይል ከተራው በሲሶ ያህል ይበልጣል፡፡ የ.375ቱማ ከዚህም ይብሳል፡፡ ምቱን የፈራ ተኳሽ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውንም ያሸሻል፤ አረሩም ካሰበበት ቦታ ይርቃል፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፤ ሃያ ጊዜ ተኩሰህ ሃያኛውን እንደ መጀመሪያው ረጋ ብለህ ልትተኩሰው የማትችለውን ጥይት አትምረጥ፡፡

ሁለተኛው ምክር ስለ አረሩ ነው፡፡ በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በካናዳ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ ሲያድን፤ ሆላንድ በሠራው .300 ማግነም የተኮሳቸው አረሮች ጭቃ በደረቀበት ቆዳ ላይ እየተሰባበሩ ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ቀሩ፡፡ ፍጥነት ብቻውን ምንም አልጠቀመውም፤ እንዲያውም አረሩን የሰባበረው የፍጥነቱ ብዛት ነበር፡፡ ኖስለርም አገሩ ተመልሶ በመካከሉ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ ይኸውም የፊቱ ክፍል ሲፈርስ የኋላው ሳይፈርስ እንዲዘልቅ ነው፡፡ ስለዚህ ጥይት ስትገዛ የቀለሁን ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የአረሩን ጥንካሬ ጠይቅ፡፡

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ርቀቱ ነው፡፡ ጠመንጃህን በ200 ሜትር ልክ እንዲመታ አስተካክለህ በ.300 ማግነም ብትተኩስ፤ አረሩ 400 ሜትር ሲደርስ ካነጣጠርህበት ከግማሽ ሜትር በላይ፤ 500 ሲደርስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፡፡ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስም በ400 ሜትር ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይገፋዋል፡፡ ደግሞም ያን ርቀት ለመጓዝ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አውሬው አንድ እርምጃ ቢራመድ ለሳንባው የተላከው አረር ሆዱን ያገኘዋል፡፡ ሆዱን የተመታ አውሬ ወዲያው አይወድቅም፡፡ ጫካ ገብቶ ብዙ ሰዓት ተሠቃይቶ ይሞታል፤ አዳኙም ብዙ ጊዜ ሬሳውን አያገኘውም፡፡

ይህ ነገር እኛን ይበልጥ የሚመለከተን በደጋ አጋዘን ምክንያት ነው፡፡ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ዋናው መኖሪያውም የባሌና የአርሲ ተራሮች ናቸው፡፡ ሊቃውንት በ1910 ስም አውጥተው መዘገቡት፤ ዛሬም የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው የዱር አራዊት ጋር ይቆጠራል፡፡ ያለ ፈቃድ እርሱን ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፡፡ ፈቃድ ያገኘ አዳኝም ቢሆን በትልቁ ጥይት ተማምኖ ሸለቆ አሻግሮ ሲተኩስ፤ ቆስሎ የሚጠፋው አጋዘን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፡፡ ከእናንተም መካከል ነገ የፈቃዱን ወረቀት የሚፈርም ወይም አዳኙን ተከትሎ ተራራ የሚወጣ ይኖራልና፤ ይህን ማወቁ አይጎዳም፡፡

እንግዲህ ምርጫው ይህን ይመስላል፡፡ ከ250 ሜትር ለማያልፍ አደን .30-06 ይበቃል፡፡ ምቱን ችሎ በብዙ ልምምድ ለሠለጠነ ሰው፤ እስከ 350 ሜትር ድረስ ባለ 7 ሚሊ ሜትሩ ወይም ባለ .300ው ማግነም ይስማማል፡፡ ባለ .375ቱ ደግሞ እንደ ጎሽ ላለ ከባድ አውሬ በቅርብ ርቀት ነው፡፡ አውሬው ከዚያ የራቀ እንደሆነ የነፋሱን አቅጣጫ ጠብቀህ፤ በደረትህ እየተሳብህ መቶ ሜትር ወደ እርሱ ተጠጋ፡፡ ማግነሙ በገንዘብና በትከሻህ ሕመም የሚሸጥልህን ያንኑ መቶ ሜትር በእግርህ በነጻ ታገኘዋለህ፡፡ መጠጋት ካልተቻለህ ግን ጠመንጃህን አንግተህ ተመለስ፡፡