ሳያም የሚያድግ እብጠት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል ለደዌ ሁሉ የሚስማማ ቢሆንም፣ ለጡት ካንሰር ግን ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። ይህ በሽታ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ያላመማትም ሴት ዝም ትላለች፤ ዝም ባለችም መጠን በሽታው ሥር ይሰዳል።

በሐርጌሳም ሆነ በጅግጅጋ፣ በሐረርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ብዙ እኅቶቻችን ወደ ሐኪም የሚቀርቡት እብጠቱ ከገፋ በኋላ ነው። ከሚያዘገዩአቸውም ነገሮች አንዱ ሐፍረት ነው። ሐፍረት ግን የማይሸነፍ ነገር እንዳይደለ ሐርጌሳ ራስዋ ምስክር ናት። ስመ ጥርዋ አዋላጅ ነርስ ወይዘሮ ኤድና አዳን እስማኤል በ1976 እ.ኤ.አ. የሴት ልጅ ግርዛት ስለሚያመጣው ጉዳት በአደባባይ መናገር ሲጀምሩ፣ ነገሩ በሰው ፊት የማይነሣ ነበር። እርሳቸው ግን አልተመለሱም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል በሐርጌሳ ከፍተው አዋላጆችንና ነርሶችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ። ስለ ጡት ካንሰርም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ድፍረት ነው።

በሀብታሞቹ አገሮች በሽታውን አስቀድሞ ለማግኘት ማሞግራፊ የተባለ የራጅ ምርመራ ይደረጋል። ጡት በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሴኮንድ ተጫን ብሎ በጥቂት ጨረር ይነሣል፤ በእጅ የማይዳሰስ ጥቃቅን ነገርም በሥዕሉ ላይ ይታያል። መሠረቱን የጣለው አልበርት ሳሎሞን የተባለ የበርሊን ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ በ1913 እ.ኤ.አ. በቀዶ ሕክምና የወጡ ጡቶችን በራጅ እየመረመረ የካንሰርን ምልክት ገልጦ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ በቂ ሐኪምና ሕክምና ባለበት አገር ከ50 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሴቶች ምልክት ባይኖራቸውም በየሁለት ዓመቱ እንዲነሡ አመልክቷል። የሕክምናው ኃይል ደካማ በሆነበት አገር ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ምልክት ያየች ሴት ፈጥና እንድትመረመርና እንድትታከም ነው። ሥዕሉ በሽታውን ያሳያል እንጂ አይፈውስምና፣ ከመሣሪያው ኋላ ሐኪም፣ ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት ከሌሉ ማየቱ ብቻውን አያድንም። ደግሞም የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ በሥዕሉ ላይ እብጠቱን ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ እብጠት በእጅዋ የዳሰሰች ሴት «ሥዕሉ ደኅና ነው» ተብላ ብቻ ልትሰናበት አይገባም፤ በአልትራሳውንድና እንደ አስፈላጊነቱም በመርፌ በሚወሰድ ናሙና መረጋገጥ አለበት።

እንግዲህ እያንዳንድዋ እመቤት ልታውቃቸው የሚገቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚገኝ አዲስ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚሸካከር ቆዳ፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ የጡት ጫፍ፣ ከጡትም የሚወጣ ደም ያለበት ፈሳሽ። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ይህንን ለይቶ የሚያውቀው ግን መርማሪው እንጂ ጎረቤት አይደለም። በወንድ ሐኪም ፊት መገለጥ የከበዳት ሴት፣ የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ እንድታያት ብትጠይቅ ነውር የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዕቅድ ምልክት ታይቶባት ወደ ሐኪም የቀረበች ሴት የበሽታዋ ምንነት ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ እንዲታወቅ ይፈልጋል። ስልሳ ቀን ረጅም አይደለም፤ «እስቲ ከበዓሉ በኋላ»፣ «እስቲ ከመከሩ በኋላ» እየተባለ በቤት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ባል የሆነ ሁሉ የሚስቱን ቃል አቃልሎ አይመልስ፤ ለመንገድና ለምርመራ የሚሆነውንም ሳትለምነው ያዘጋጅላት። እናትም ልጅዋን፣ አማትም ምራትዋን ሳታፍር ትጠይቃት። በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር የሚታከም በሽታ ነውና።