ከምክር ቤት መዝገብ ባሻገር፦ የሰር ራልፍ ቬርኒ የፖለቲካ ሕይወት

የአንድ ፖለቲከኛ ሕይወት አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በያዘው ወንበርና በተሰለፈበት ወገን ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ታሪክ ጥናቶችም ባለርስቶችን «የንጉሥ ወገን» እና «የፓርላማ ወገን» ብሎ መመደብን ለምደዋል። የሰር ራልፍ ቬርኒ (1613–1696 እ.ኤ.አ.) ሕይወት ግን ይህ መለኪያ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያሳያል።

ቬርኒ በበኪንግሃምሻየር ግዛት የሚድል ክሌይደን ርስት ወራሽ ነበር። በ1640 ከኤይልስበሪ ተመርጦ ፓርላማ ገባ፤ በዚያም የምክር ቤቱን ክርክሮች በእርሳስ እየጻፈ አስቀርቷል። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ እርሱ ከፓርላማው ጋር ቆመ። አባቱ ሰር ኤድመንድ ግን የንጉሥ ቻርልስን ሰንደቅ ይዞ በኤጅሂል ጦር ሜዳ ወደቀ። ሰር ኤድመንድ በንጉሡ አቋም ሙሉ በሙሉ ባያምንም፣ ለረጅም ዘመን እንጀራውን የበላውን ጌታ መክዳት ነውር ሆኖበት ነበር። እንግዲህ አባትና ልጅን የለየው የአስተሳሰብ ርቀት ብቻ አልነበረም።

በ1643 ፓርላማው ከስኮትላንድ ጋር የተገባውን የሃይማኖትና የፖለቲካ ቃል ኪዳን አባላቱ በመሐላ እንዲያጸኑ ጠየቀ። ቬርኒ ኅሊናው አልፈቀደለትምና ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። በ1645 ከምክር ቤት አባልነት ተሰረዘ፤ ርስቱም ታገደ። ለንጉሥ ያልተዋጋ ሰው በፓርላማው ዘንድ እንደ ጠላት ተቆጠረ። ከሁለቱ ስያሜዎች የትኛው ይገልጸዋል?

በምክር ቤት መዝገብ ቢታይ፣ ቬርኒ ከዚያ በኋላ ለ36 ዓመታት ድምፁ ጠፍቷል። ንጉሣዊው አገዛዝ በ1660 ሲመለስ በማግስቱ ዓመት የባሮኔት ማዕረግ ቢያገኝም፣ ወንበር የያዘው ግን በ1681 ከበኪንግሃም ከተማ ተመርጦ ነው፤ በ1685 እና በ1689ም ተመርጧል። የቤተሰቡ መዛግብት ግን ይህን «ባዶ» ዘመን ይሞሉታል። በክሌይደን የተጠበቁት ከ30,000 በላይ ደብዳቤዎች ስደትን፣ የአባትን ዕዳ፣ የመሬት አስተዳደርንና በ1655 በክሮምዌል ዘመን የደረሰውን እስራት ይዘግባሉ። ቬርኒ በእርጅናው ወደ ምክር ቤት የተመለሰው ይህን ሁሉ አሳልፎ ነው፤ የኋለኛው ዘመን አቋሙም ከዚህ ተነጥሎ ሊነበብ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ደብዳቤዎቹ የሜሪ ቬርኒን ድርሻ ይገልጣሉ። ሜሪ በ1646 መጨረሻ ነፍሰ ጡር ሳለች ከፈረንሳይ ወደ ለንደን ተሻግራ ባለሥልጣናትን ደጅ ጠናች፤ በጥር 1648ም የርስቱን እግድ አስነሣች። በ1650 በስደት አገር ብሉዋ አረፈች። በመራጭነትም ሆነ በተመራጭነት የማትታወቅ ይህች ሴት ርስቱን ባታስመልስ ኖሮ፣ ቬርኒ የኋላ ኋላ ለምርጫ የሚቀርብበት መሠረት በእጅጉ በጠበበ ነበር።

በዚህ አመለካከት ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቬርኒ ቤተሰብ የሚታወቀው ወረቀቱ ስለተረፈ ነው፤ የሌሎች በርካታ ባለርስቶች ወረቀት ግን ጠፍቷል። ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ ያቆየውም ቬርኒ ራሱ በመሆኑ፣ ክምችቱ የባለቤቱ ምርጫ አሻራ አለበት። ስለዚህ ክሌይደንን የመላው እንግሊዝ መስታወት ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ተቃውሞው የሚያስጠነቅቀው የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ለሁሉ ከመደምደሚያነት እንዳንጠቀምበት እንጂ፣ የቤተሰብ ወረቀትን ወደ ጎን እንድንተው አይደለም። የምክር ቤት መዝገብም ቢሆን የራሱ ዝምታ አለው፤ የሜሪን ድካም አይጠቅስም።

የፖለቲካ ሰዎችን ሕይወት የሚያጠና ተመራማሪ የምርጫ ዝርዝርን ከዕዳ ሰነድ፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤን ከባልና ሚስት ደብዳቤ ጋር አስተያይቶ ሊያነብ ይገባል። የወገን ስያሜ የጥናት መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መደምደሚያ ሲሆን ግን እንደ ቬርኒ ያሉ ሰዎች ከታሪክ ይወጣሉ፤ እንደ ሜሪ ያሉትም ከመጀመሪያው አይገቡም።