ከኮዲንግ በፊት ሮስተሩ

ሴሚስተር ሲያልቅ ቢስቲማ ያለ የክፍል ኃላፊ መምህር ምን እንደሚጠብቀው ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍሉ 60 ተማሪ፣ ትምህርቱ 9 ነው እንበል። 540 ውጤት ከየማርክ ሊስቱ ወደ ሮስተር በእጅ ይገለበጣል። ከዚያ በካልኩሌተር መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ ከ1ኛ እስከ 60ኛ ደረጃ መስጠት አለ። አንድ ቁጥር ከተዛባ የብዙ ልጅ ደረጃ ይዛባል፤ ወላጅም ካርዱን ይዞ ይመጣል።

ብዙው መምህር ይህን ሲሠራ ስማርት ስልኩ አጠገቡ ነው። ውጤቱ አንዴ ኤክሴል ውስጥ ከገባ ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን ስልኩ ራሱ ያወጣዋል። ታዲያ ለምን አይጠቀምበትም? አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው።

ለመምህሩ ቴክኖሎጂ አልመጣለትም ማለት ግን አይቻልም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይፈስ ነበር፤ ለመምህሩ የተረፉት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ብዙ ወጪ ወጣ፤ መምህሩን ግን ምን እንደሚያስፈልገው ቀድሞ የጠየቀው አልነበረም።

በሐምሌ 2016 ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ለወጣቱ መልካም ዕድል ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። መምህሩም ተመዝገብ ሲባል ይመዘገባል፤ ሪፖርቱም የተመዘገበውንና ሰርተፍኬት የወሰደውን ይቆጥራል። ሰኞ ጠዋት ግን ከመምህሩ የሚጠበቀው አፕ መሥራት አይደለም። ሳምንታዊ ዕቅድ፣ የፈተና ወረቀት፣ ሮስተርና ሪፖርት ነው። ሰርተፍኬቱ ከእነዚህ አንዱንም ካላቀለለለት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

«መምህሩ ቴሌግራም ላይ ነው የሚውለው፤ ስልክማ ያውቃል» የሚሉ አሉ። ቴሌግራም ማንበብና ስልክን የሥራ መሣሪያ ማድረግ ለየቅል ናቸው። ጥቂት ምሳሌ እንይ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ምክንያቱ ፊደሉ በዩኒኮድ አለመጻፉ እንደሆነ የተነገረው ስንቱ ነው? የአማርኛ ኪቦርድ በነፃ ጭኖ ፈተናውን ራሱ መጻፍ የሚችል መምህር ለጽሕፈት ቤት ገንዘብ ይከፍላል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ ተሠራጭተዋል፤ ከ200 ገጽ ውስጥ የነገውን ምዕራፍ ፈልጎ ማግኘት፣ ምልክት አድርጎ ማስቀመጥም ትምህርት ይፈልጋል።

ሌላው መከራከሪያ ኔትወርክ ነው። እውነት ነው፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ነገር ግን ኤክሴልም፣ የወረደ ፒዲኤፍም፣ ኪቦርዱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። እንዲያውም ኔትወርክ የሚቆራረጥበት አካባቢ ነው ያለ ኔትወርክ መሥራትን መማር ያለበት።

ጉዳዩ ድካም ከማቅለልም ያልፋል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ በወሎ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም የጠፋው፤ የተማሪ መዝገብም ወድሟል። ሮስተሩ የተቃጠለበት ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደጨረሰ በምን ያስረዳል? በሁለትና በሦስት ቦታ በፋይል የተቀመጠ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቅጂ ቢኖር ኖሮ የዚያ ልጅ ዓመታት ከወረቀቱ ጋር አይነዱም ነበር።

መፍትሔው አዲስ ፕሮጀክት አይፈልግም።

1. ሰዓቱ አለ። መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ለተሙማ ይመደብበታል። አብዛኛው የሚያልቀው ፎርም በመሙላት ነው። ከዚያ ላይ 10 ሰዓት ተቀንሶ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ሮስተርና ዕቅድ ላይ ይሠልጥን።

2. አሠልጣኙም አለ። በየጉድኝት ማዕከሉ ኤክሴል የሚችል አንድ የአይሲቲ ወይም የሒሳብ መምህር አይጠፋም። ክፍለ ጊዜው ይቀነስለትና ባልደረቦቹን በአማርኛ፣ ሳይቸኩል ያሳይ። ጡረታ የቀረባቸው መምህር በልጅ እግሩ ፊት «አልገባኝም» ለማለት እንዳያፍሩ ሥልጠናው በአዳራሽ ሳይሆን በሁለት በሦስት ሰው ይሁን።

3. ድርብ ሥራ ይቁም። ዛሬ ሪፖርቱ በወረቀት ይሞላል፣ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል፣ ከዚያ ወረቀቱም «ይምጣ» ይባላል። በስልክ የደረሰን ነገር በወረቀት መልሶ የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት ስለ ዲጂታል የማውራት መብት የለውም።

4. ስልኩ የመምህሩ፣ ፓኬጁም ከመምህሩ ኪስ ነው። ቢሮው ሥራ በስልክ ካዘዘ የዳታውን ወጪ ይሸፍን።

የወረባቦ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሆነ ዞኑ ይህን ለመጀመር አዲስ አበባን መጠበቅ የለባቸውም። የመምህራን ማህበሩም ከደመወዝ ጥያቄው ጎን ይህንን ያንሣ፤ የመምህሩ ጊዜም ደመወዙ ነውና። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ስንት መምህር ሰርተፍኬት ወሰደ ተብሎ መጠየቁ ይቅር። ስንት መምህር ሮስተሩን በአንድ ምሽት ጨርሶ ተኛ? መቆጠር ያለበት እሱ ነው።