«አይቻለሁ» ሲል ማን ጠየቀው?

የሰሜኗ ደረስጌ በታሪክ የምትነሣው በዘውድ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት መጣ ስንቱ ሄደ፤ የሰሜን ገበሬ ግን ዛሬም ቃሉን ሲጠራጠሩበት «ማርያምን!» ብሎ ይምላል። መሐላ ከፍርድ ቤት በፊት የነበረ ዳኛ ነው። ዛሬ በወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚሰማው እሮሮ ግን «ምሎ ዋሸብኝ፤ የጠየቀውም የለ» የሚል ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 453 እያወቀ በሐሰት የመሰከረን ሰው ይቀጣል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ በተለይም ምስክሩ ምሎ ከዋሸና ቃሉ ፍርዱን ካጣመመ፣ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ችግሩ ያለው ማወቁን ማስረዳት ላይ ነው። ቃሉ ከእውነት መራቁን ማሳየት ብቻ አይበቃም። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ረስቶም ሊሆን ይችላል። በአንቀጽ 59 መሠረት በቸልተኝነት የተሠራ ጥፋት የሚያስቀጣው ሕጉ ለይቶ ሲደነግግ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግ ታዲያ የሰውየውን ልብ በምን ይክፈተው?

ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከዚያም አልፎ በየተረተሩ፣ የክርክሩ ሥር በአብዛኛው መሬት ነው። እንበል፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት የገብስ ማሳ ድንበር ተካሰሱ። ምስክሩ ቀርቦ «ድንበሩ ከዋርካው በላይ ነው፤ አውቃለሁ» አለ። ኋላ በልኬት ድንበሩ ከዋርካው በታች ሆኖ ቢገኝ፣ ምስክሩ «እኔ የማውቀው እንዲያ ነበር» ብሎ ይወጣል። «አባታቸው ድንበሩን ሲያካልሉ ቆሜ አይቻለሁ» ብሎ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ዓመት ሌላ አገር ይኖር እንደነበር ቢረጋገጥ፣ ተሳሳትኩ የሚልበት ቀዳዳ የለውም። ሰው ስለ ድንበር ሊሳሳት ይችላል፤ በቦታው መቆም አለመቆሙን ግን ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንደ ትዝብቴ፣ በገጠር ሐሰት ወደ ችሎት የሚገባው በዚህ በር ነው። ከጠላ ቤት የተሰማው ወሬ፣ ከዘመድ የተነገረው፣ ሁሉም ችሎት ሲደርስ «በዓይኔ አይቻለሁ» ይሆናል። መስካሪው የወገኑን እውነት የሚረዳ ይመስለዋል እንጂ ራሱን እንደ ዋሾ አይቆጥርም። ሕጉ ግን የሚያየው ያላየውን አየሁ ማለቱን ነው።

በተከራካሪውም በኩል ያው ነው። በክስ ማመልከቻ ግርጌ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት «በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ቃል ይሰፍራል። ማመልከቻውን የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ነው፤ ማንበብ የማይችለው ባለጉዳይ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ያልተነበበለትን ወረቀት ሐሰት መሆኑን እያወቀ ነው የፈረመው ማለት እንዴት ይቻላል?

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፊልም ሠሪውን የሳሙኤል ብሮንስተንን ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። በስዊስ ባንክ የግል ሒሳብ ነበረህ ወይ ሲባል፣ ኩባንያው እንደነበረው ተናግሮ ስለ ራሱ ሳይመልስ አለፈ፤ እሱም ቀደም ሲል ሒሳብ ነበረው። ፍርድ ቤቱ በሐሰት መሐላ የተፈረደበትን ሻረለት፤ የተናገራት ቃል በራሷ እውነት ነበረች፤ አፋጥጦ መጠየቅ የጠያቂው ድርሻ ነው አለ።

መፍትሔውም ያለው ከጥያቄው ላይ ነው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የምስክር ቃል በትረካ መልክ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ዳኛው ካሻው ግን ጥያቄና መልሱን እንዳለ መጻፍ ይችላል። «ድንበሩ የከሳሽ ነው ሲል መስክሯል» የሚል መዝገብ ለዋሾ መሸሸጊያ ነው። የት ቆመህ አየህ? መቼ? ከማን ጋር? ወይስ ሰምተህ ነው? እነዚህ ከነመልሳቸው ሲጻፉ ዋሾውን ያጋልጣሉ፤ በቅንነት የተሳሳተውንም ከወህኒ ያድናሉ።

እንግዲህ ዳኞች ሆይ፣ ጠይቁ፤ ጥያቄውንም መልሱንም ጻፉ። ራፖር ጸሐፊዎች፣ ጣት ከማስፈረማችሁ በፊት አንብቡላቸው። ምስክር ሆነህ የምትቆመውም ወንድሜ፣ የሰማኸውን ሰማሁ በል። ሰማሁ ያለ አይታሠርም፤ ሳያይ አየሁ ያለ ግን በጎረቤቱ መሬት ፈርዷል።