ትንሹ ጥገና ሳይከብድ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በቂርያት ጋት አብረን ያረጀን እኩዮቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ናፍጣ መኪኖቻችን ነው። ነገሩ ለሽማግሌ ምክር የማይበቃ ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔ ግን በዚህች ከተማ ብዙ ቤት ከሩቅ በመጣ መከራ ሳይሆን በደጃፍ በቆመ መኪና ሲናጋ አይቻለሁና ዝም ማለቱ ከበደኝ። በመኪናው ሰሌዳ ላይ የበራችውን ቢጫ መብራት እያየ ለሚቀጥለው ሳምንት ያለ፣ ሳምንቱ ወር የሆነበት፣ ወሩም በመጨረሻ ሞተሩን የበላበት ሰው ጎረቤቴ ነበር። እርሱን የመሰሉ ሌሎችም አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ።

መኪናው ለእኛ ጌጥ ሆኖ አያውቅም። ልጆቻችን ጎሕ ሳይቀድ ለጽዳት፣ ለጥበቃ፣ ለፋብሪካ ሥራ የሚወጡበት፣ እሑድ ጠዋት ወታደሩን የልጅ ልጅ ባቡር ጣቢያ የምናደርስበት፣ የታመመችውን ወደ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ የምንወስድበት ነው። ብዙዎቹም እንደ በርሊንጎና እንደ ካንጉ ያሉ፣ በሁለትና በሦስት እጅ አልፈው ወደ እኛ የመጡ የናፍጣ መኪኖች ናቸው። እንዲህ ያለው መኪና የቆመ ዕለት የቀን ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ሲቀር ባንኩ ሚኑስ ይገባል፣ ከሚኑሱ ብድር ይወለዳል፣ ብድሩም ሳይከፈል ሲቀር የዕዳ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት የሆጻኣ ላፖዓል ደብዳቤ በፖስታ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። የዚያን ደብዳቤ መነሻ ወደ ኋላ ተከትዬ በጠየቅሁባቸው ቤቶች፣ ከአንዴም ሁለቴ፣ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት በጊዜው ያልተለወጠች ርካሽ የናፍጣ ፊልትሮ ነበረች።

እኔ እንደማየው ጥፋቱ የሚገባበት በር ሁለት ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው። መኪናውን ካስመጣው ኩባንያ ጋራዥ ሄዶ የዋጋ ግምት ጠይቆ፣ ቁጥሩን ሲያይ ደንግጦ ቁልፉን ይዞ የሚመለስ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ ቦታ ሳይጠይቅ መኪናውን እንደታመመ የሚነዳ ብዙ ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ፈቃድ የሌለው፣ በጓሮ የሚሠራ፣ በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው የእገሌ ዘመድ ነው ስለተባለ ብቻ ቁልፉን እናስረክበዋለን፤ ሥራው ሲበላሽ በእጃችን ወረቀት የለም፣ የምናውቀው ሰው ስለሆነም ፊት ለፊት አንናገረውም፣ እርሱም ይህን ያውቃል።

ብልሽትና ችግርን እኛ የተማርነው እዚህ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ አድርጎ በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርደውን የፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ጩኸት የማያስታውስ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በደርግ ዘመን መለዋወጫ ሲጠፋ ሹፌርና ረዳት አሮጌውን ዕቃ አጥበው፣ ጠግነው፣ በሽቦ አስረው መልሰው ሲገጥሙት አይተናል፤ ያ ግን ማጣት ያመጣው ነበር፣ ሰዎቹም የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ዛሬ ዕቃው በየሱቁ ሞልቶ፣ ባለሙያው በኢንዱስትሪ አካባቢው በየመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ሳለ መኪናችንን የሚገድለው አለመጠየቃችን መሆኑ ነው ልቤን የሚያሳዝነው።

አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። በወለቃም ሆነ በአምቦበር ገበሬው የተሰበረ ማረሻውን ይዞ ሲመጣ ዋጋው ብረቱ እሳት ሳይገባ ይነገረው ነበር፤ ከዚያም ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ብረቱ ሲግል፣ ሲመታ፣ ውኃ ሲጠጣ በዓይኑ እያየ ይቆይ ነበር። የዚያ ቀጥቃጭ ልጆች የሆንን እኛ ዛሬ ቁልፉን በመስኮት አስረክበን፣ በማናነበው ዕብራይስጥ የተጻፈ የሥራ ማዘዣ ላይ ፈርመን፣ ከመስታወት ወዲያ ምን እንደሚደረግ ሳናይ ስማችን እስኪጠራ ቡና ይዘን እንጠብቃለን። ይህ ልማድ ቀስ ብሎ ገባን፤ ቀስ ብሎም ከልጆቻችን ጋር እየሄደ ነው።

የናፍጣ ሞተር ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ ጥቂት ልንገራችሁ፣ አደጋው ያለው እዚያ ነውና። ዛሬ የምንነዳቸው መኪኖች ኮመን ሬይል በሚባለው አሠራር ናፍጣውን እስከ 1,600 ባር፣ አዲሶቹ ደግሞ ከ2,000 ባር በሚያልፍ ግፊት ወደ ሞተሩ ይረጫሉ፤ የጎማችን ንፋስ ከ2 ባር ብዙም እንደማይርቅ አስቡና ለኩት። ፓምፑንና ኢንጀክተሮቹን የሚያለሰልሳቸው ሌላ ዘይት የላቸውም፣ ናፍጣው ራሱ ነው። ስለዚህ በናፍጣው ውስጥ ውኃ ወይም አፈር ከገባ ብረት በብረት ላይ ይፋጫል፣ የተፋቀው የብረት ዱቄትም በመላው መስመር ይሰራጫል። ይህን የሚከለክል አንድ ዘበኛ ብቻ አለ፣ ፊልትሮው። አንድ አዋቂ መካኒክ ከአንድ ወዳጄ መኪና ያወጣውን ፊልትሮ በጠርሙስ ውስጥ አንጠፍጥፎ ብርሃን ላይ አስቀመጠው፤ ከላይ ቢጫው ናፍጣ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ዝገት የደፈረሰ ሁለት ጣት የሚሆን ውኃ በግልጽ ተለይቶ ቆመ። ወዳጄ ያንን ውኃ ለዓመታት ወደ ሞተሩ አፋፍ ተሸክሞ ሲሄድ ነበር። ፊልትሮ መለወጥ ትንሽ ሥራ ነው፤ ፓምፕና አራት ኢንጀክተር መለወጥ ግን ብዙ ጊዜ ከአሮጌው መኪና ዋጋ ይበልጣል።

ሌላው የጥላሸት ማጣሪያው ነው፣ ዲፒኤፍ የሚሉት። በጭስ ማውጫው ላይ ተቀምጦ ጥላሸቱን ይይዛል፤ የያዘውን የሚያቃጥለው ግን ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ መኪናችንን ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ምኩራብ፣ ከምኩራብ ወደ ቤት እንነዳለን፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እናጠፋዋለን። ማጣሪያው ይታፈናል፣ መብራቱ ይበራል። በዚያች ሰዓት መኪናውን አውጥቶ በመንገድ 40 ወደ ቤር ሼቫ አቅጣጫ ሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ መንዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ወጪውም የነዳጁ ብቻ ነው። ይህን የሚነግረው አጥቶ መብራቱን በተለጠፈ ወረቀት የሸፈነ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሒሳብ የጋራዡ ጥፋት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ዋጋው ልምጣ። ያስመጪው ኩባንያ ጋራዥ ውድ የሚሆነው በከንቱ ብቻ አይደለም፤ ሰፊ አዳራሹን፣ የአምራቹን ኮምፒዩተር፣ በየጊዜው የሚሠለጥኑ ሠራተኞቹን ሁሉ የሚከፍለው ከሥራ ሰዓቱ ሒሳብ ነው። መኪናው ዋስትና ላይ ሳለ ብልሽት ቢያገኘው፣ አምራቹ ለማስተካከል ወደ ጋራዥ የሚጠራቸው መኪኖች ውስጥ ቢገባ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ አዲስ ፕሮግራም የሚጫንበት ቢሆን ቦታው እዚያ ነው። ነገር ግን የናፍጣ ፊልትሮ፣ የማሞቂያ ካንዴላ፣ የተቀደደ የንፋስ ቱቦ፣ ባትሪ፣ ቴርሞስታት ለመለወጥ ያን ሁሉ አዳራሽ መክፈል ምን ያስገድደናል? በርካቶቻችሁን የያዛችሁ ሌላ ቦታ ከነካሁት ዋስትናው ይፈርሳል የሚለው ፍርሃት ነው። እወቁት፣ የዚህ አገር ሕግ አስመጪው ዋስትናውን በራሱ ጋራዥ ብቻ እንዲያስር አይፈቅድም፤ መደበኛው ሰርቪስ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ፈቃድ ባለው ጋራዥ እስከተሠራና ወረቀቱ እስከተያዘ ድረስ ዋስትናው ጸንቶ ይቆያል። የጋራዦች ፈቃድም በእ.ኤ.አ. 2016 በወጣው የተሽከርካሪ ዘርፍ አገልግሎቶችና ሙያዎች ሕግ የሚገዛ ነው፤ ፈቃዱ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር የተሰጠ ሆኖ በግድግዳው ላይ ሊታይ ይገባዋል።

አንድ ክረምት የእኔው መኪና ውስጥ የናፍጣ ሽታ ገባ። ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ጋራዥ አራቱም ኢንጀክተሮች ይለወጡ ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ልጄ ዕብራይስጡን አንብባ፣ «አባዬ፣ እንዲመረምሩልህ አይደለም የምትፈርመው፣ ሁሉንም እንዲለውጡት ነው» አለችኝ፤ ብዕሩን አስቀመጥኩ። እዚሁ በከተማችን ፈቃድ ያለው አንድ የግል ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው ክዳኑን ከፊቴ አነሣ፣ በባትሪ መብራት አሳየኝ፤ ከኢንጀክተር ወደ ኢንጀክተር የምትሄደው ቀጭን የመመለሻ ቱቦ ደርቃ ተሰንጥቃ ናፍጣ ታንጠባጥብ ነበር። ቱቦዋን ለወጠ፣ ቦታውን በጨርቅ አደረቀው፣ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀ፣ ጨርቁን ደግሞ አሳልፎ ደረቅ መሆኑን አሳየኝ። የከፈልኩት የአንድ ቀን የገበያ ወጪ አይሞላም ነበር።

ይህን ስላልኩ ግን የግሉ ሁሉ ደግ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ እለምናችኋለሁ። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የማሞቂያ ካንዴላ በጉልበት ሲፈታ ተሰብሮ በሞተሩ ራስ፣ በቴስታታው፣ ውስጥ የቀረበትን መኪና አይቻለሁ፤ ቴስታታው ወረደ፣ ወጪውም ትልቁ ጋራዥ ከጠየቀው እጥፍ አለፈ። ሠሪው ሞተሩን አሙቆ፣ መድኃኒት ረጭቶ፣ በልክ መፍታት ነበረበት። የጥላሸት ማጣሪያ ላለው መኪና የሚገባው አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ሆኖ ሳለ፣ ለርካሽነት ሌላ ዘይት ሞልቶ ማጣሪያውን የሚደፍንም አለ። ማጣሪያውን ጨርሶ አውጥቶ ባዶ ቱቦ የሚገጥምም አለ፤ ያ ሕግ መጣስ ነው፣ ልጆቻችን የሚተነፍሱትንም አየር ማቆሸሽ ነው፣ ቴስት፣ የዓመቱ የመኪና ምርመራ፣ የሚወጣበት ቀን ሲደርስም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

በትልቅ ስም ፊት የሚንበረከክም ቢሆን ያስታውስ፦ በእ.ኤ.አ. 2015 ፎልክስዋገንን የሚያህል ኩባንያ በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን በሚደርሱ የናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ፕሮግራም ማስገባቱን አምኗል። ሰሌዳው ያማረ ሁሉ እውነት አይናገርም፣ ዘይት የነካው እጅም ሁሉ አይዋሽም፤ የሚለየው ሥራውን ሊያሳያችሁ መፍቀዱና በወረቀት ላይ መጻፉ ነው።

የማዝነው የሚመጣው ስለሚታየኝ ነው። እኛ እየደከምን ነው፤ ዕብራይስጡን የሚያነቡልን ልጆች በሥራና በጦር ሠራዊት ተይዘዋል፤ መኪኖቹም ከእኛ ጋር እያረጁ ሄደዋል። እንዲህ ከቀጠልን ጥቂት ክረምት ቆይቶ በየሕንጻችን ሥር የቆሙ፣ ዕዳቸው ያልተከፈለ፣ የማይነሡ መኪኖች ይበዛሉ፤ ልጆቹም አዲስ ለመግዛት ሌላ ብድር ይፈርማሉ፣ የአባቶቻቸውን አለመጠየቅም ከብድሩ ጋር ይወርሳሉ። ግን ገና ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ዛሬም በአንድ ፊልትሮና በአንድ ቱቦ የሚድኑ ናቸው።

ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ በዚህ ሳምንት የሰርቪሱን ደብተር አውጡና ፊልትሮው መቼ እንደተለወጠ፣ በአምራቹ መጽሐፍ በስንት ኪሎሜትር እንደሚለወጥ አስነብቡ። መብራት ከበራ አትጠብቁ። ከአስመጪውም ፈቃድ ካለው የግል ጋራዥም ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፤ አስመጪዎች የመለዋወጫ ዋጋቸውን በድረ ገጻቸው ያወጣሉና ልጆቹ ያሳዩአችሁ። ማዓም፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ተጨምሮበት ወይስ ሳይጨመር እንደሆነ ጠይቁ፤ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2025 ወዲህ 18 ከመቶ ስለሆነ 1,000 ሸቀል የተባላችሁት ሲከፈል 1,180 ይሆናል። ዕቃው ኦሪጅናል፣ አማራጭ ወይስ ያገለገለ እንደሆነ ይጻፍላችሁ፣ አሮጌውንም አሳዩኝ በሉ። ለምርመራ ብቻ ፈርሙ፤ ለሥራው የምትፈርሙት ብልሽቱ ከተነገራችሁ በኋላ ይሁን። ማንበብ የማይችል ካለ፣ ቀኑን ይንገረኝና አብሬው እሄዳለሁ፤ በመካከላችን ማንበብ የሚችሉትም እንዲሁ እንዲያደርጉ እለምናቸዋለሁ።